የአባ ታጠቅ ልጅ በፈረሰኞች አገር

ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ከምንኖርበት ፎቅ በላይ አንዲት ተማሪ አለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ታጠናለች። ለመጽሔት እንደምጽፍ ከእናቷ ሰምታ ኖሮ፣ መብራት በጠፋበት አንድ የክረምት ምሽት በአንድ እጇ ሻማ፣ በሌላው ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጥራዝ ይዛ በራችንን አንኳኳች።

"ጋሼ፣ 'ሺቫልሪ' በአማርኛ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ጀግንነት ነዋ!" አልኳት፤ ቶሎ ብዬ።

ራሷን ነቀነቀች። "ጀግና እኮ ዋሽቶም ጀግና ይባላል። እዚህ ያለው ፈረሰኛ ግን አንዲት መቀነት ደብቆ ዕድሜ ልኩን ሲያፍር ይኖራል።"

"እንግዲያው ፈረሰኝነት በይው።"

"ፈረስ የጋለበ ሁሉ ሰው ይጠብቃል እንዴ?"

በመጨረሻ ለማምለጥ ያህል "ጨዋነት" አልኳት። ጽፋው አመስግና ወጣች። ቃሉ ግን እኔው ዘንድ አደረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ስመረምረው ሳላውቅ የተናገርኩት ቃል ከተጠየቅኩት ቃል ጋር መንታ ወንድማማች ሆኖ አገኘሁት። "ሺቫልሪ" የሚለው ቃል ሥሩ ፈረንሳይኛ ነው፤ ከፈረስ ይወጣል። በመጀመሪያ በፈረስ የሚዋጋ ወታደር ማለት ነበር። በኋላ ቃሉን የሚያከብር፣ ደካማን የሚጠብቅ፣ በገበታና በሴት ፊት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ጠባይ ሆነ። የኛስ "ጨዋ"? በመካከለኛው ዘመን ጨዋ ማለት የንጉሥ ጭፍራ ነበር። ሊቃውንት ቃሉን ከግእዙ "ፄዋ"፣ ከምርኮ ጋር ያያይዙታል። እነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) የጨዋ ጭፍሮችን በየአውራጃው ያሰፍሩ ነበር። ዛሬ ግን ጨዋ ስንል ነውር የሚያውቅ፣ አንደበቱ የተገራ ሰው ማለታችን ነው። ምርኮኛው ወታደር፣ ወታደሩ ባለ ምግባር ሆነ። ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች አንድ ዓይነት መንገድ ሄደዋል።

ሁለቱም መንገዶች ግን አንድ ሰው ይረሳሉ። የጨዋውን ጭፍራ ያበላው ገበሬ ነው። የእንግሊዙን ፈረሰኛ ጥሩርና ፈረስ የገዛውም የገባሩ ላብ ነው። ፉከራውም ሆነ የፈረሰኛው ተረት ስለ እርሻው ሰው የሚለው ጥቂት ነው። ይህን እንደያዝን እንቀጥል።

በእኛ ዘንድ የፈረስና የሰው ክብር የተጋባው በስም ነው። የአርተር ፈረሰኞችም ለፈረሶቻቸው ስም ያወጡ ነበር፤ የጋዌይን ፈረስ ግሪንጎሌት ይባላል። የኛ ልማድ ግን አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወደቁት ፊታውራሪ ገበየሁ አባ ጎራ ነበሩ። ፎካሪው "ዘራፍ!" ብሎ ሲነሣ በፈረስ ስሙ ይምላል፤ ያን ስም ይዞ መሸሽ ነውር ነው። ስም ቃል ኪዳን ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ከታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ ጥንታውያኑ ምንድን ናቸው ቢባል፣ ጸሎትም ሕግም አይደሉም። ለነገሥታት የተዘፈኑ የጦር ግጥሞች ናቸው። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም.) ጀምሮ ለተነሡ ነገሥታት የተገጠሙትን እነዚህን መዝሙሮች ኢጣሊያዊው ሊቅ ኢኛሲዮ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳትሟቸዋል። ቤተ ክህነት በግእዝ ሲጽፍ ወታደሩ በአማርኛ ዘፈነ። ያም መቶ ዓመት ሳያልቅ በእንግሊዝ አገር ስሙ ያልታወቀ ባለቅኔ የጋዌይንንና የአረንጓዴውን ፈረሰኛ ታሪክ ገጠመ። የተማሪዋ ጥራዝ ይኸው ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአርተር ቤተ መንግሥት ለአዲስ ዓመት ግብር ተቀምጦ ሳለ፣ መላ አካሉ አረንጓዴ የሆነ ግዙፍ ፈረሰኛ ከነፈረሱ አዳራሽ ይገባል። "አንገቴን በዚህ መጥረቢያ የሚመታኝ ማነው? ከዓመት በኋላ እኔም በተራዬ አንገቱን እመታዋለሁ" ይላል። ጋዌይን ይነሣና አንገቱን ይቀላዋል። እንግዳው ግን ጭንቅላቱን አንሥቶ፣ ቀጠሮውን አስታውሶ ይሄዳል። ዓመቱ ሲደርስ ጋዌይን ሞቱን ፍለጋ ይወጣል። በመንገድ አንድ ጌታ ይቀበለዋል፤ ቀን ቀን ያገኙትን ማታ ማታ ሊለዋወጡም ይማማላሉ። የጌታው ሚስት ሦስት ቀን ትፈትነዋለች፤ ይጸናል። በሦስተኛው ቀን ግን "ይህን የታጠቀ አይሞትም" ብላ አረንጓዴ መቀነት ስትሰጠው ተቀብሎ ይደብቃል። በቀጠሮው ቦታ አረንጓዴው ሰው መጥረቢያውን ሁለት ጊዜ ይሰነዝርና ይመልሳል፤ በሦስተኛው አንገቱን ጫር ያደርገዋል። ያ ሰው ራሱ አስተናጋጁ ጌታ ነበርና መቀነቱን ያውቃል። ጋዌይን በሕይወት ቢመለስም መቀነቱን የኀፍረቱ ምልክት አድርጎ ይታጠቀዋል።

ልብ በሉ፤ ይህ የጀግና ታሪክ በድል አያልቅም፤ በኀፍረት ያልቃል። ግጥሙ እስከ ዛሬ የተረፈው በአንድ ቅጂ ብቻ ነው። ያም ቅጂ የነበረበት ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1731 ሲቃጠል ከእሳት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1839 ለመታተም በቃ። በግጥሙ መጨረሻ ላይ የጋርተር፣ ማለትም የእግር መቀነት፣ ኒሻን መሪ ቃል ሰፍሮ ይገኛል። ይህን ኒሻን እ.ኤ.አ. በ1348 ገደማ ያቋቋመው ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ነው፤ ጠባቂው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቤተ ጸሎቱም በዊንድሰር ግንብ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዊንድሰርን አትርሱብኝ፤ እንመለስበታለን።

የአርተርን ተረቶች ሁሉ በአንድ ታላቅ መጽሐፍ የሰበሰበው ሰር ቶማስ ማሎሪ ነው። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1485 አተመለት። ይህ የፈረሰኞች ክብር መጽሐፍ የተጻፈው በእስር ቤት ነው፤ ደራሲው ራሱ እስረኛ ፈረሰኛ መሆኑን በመጽሐፉ ይናገራል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ደራሲው ነው የሚሉት ማሎሪ በዘረፋ፣ በከብት ስርቆትና ሴት በመድፈር የተከሰሰ ሰው ነበር። አፍና እጅ እንዲህ ይራራቃሉ። ይህ ርቀት ደግሞ ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመታት ያህል ቆይቶ ከአገራችን ተራራ ላይ ታየ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር። ቴዎድሮስን ከነሙሉ መልካቸው እንያቸው ካልን፣ ጎንደርን ያቃጠሉ፣ ከመጨረሻው ውጊያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞችን ያስፈጁ ንጉሥ ነበሩ። የመይሳው ካሳ ፉከራ ይህን አይነግረንም። የእንግሊዝም ተረት ከዚያ በኋላ የሆነውን አይነግረንም። ከመቅደላ የተዘረፈውን ዕቃ ለመሸከም 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገዋል። ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ። ከእነዚያ አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ይመለስልኝ ብለው ጽፈው ተመልሶላቸዋል። አንድ ንጉሥ የታሪክ መጽሐፍ ይመለስልኝ ብሎ ሲጠይቅ፣ ታሪክ ለዙፋን ምን ያህል እንደሚጠቅም አውቋል ማለት ነው።

ከብራናው ጋር አንድ የሰባት ዓመት ልጅም ተወሰደ፤ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። እናቱ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዱት ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጭነዋል፤ በኋላም ልጃቸውን አገቡ። ማሎሪ ቢሰማው ምዕራፍ ያወጣለት ነበር። ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞቱ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁም ለአንድ ቁመተ ረጅም መኮንን ተሰጠ። ሰውዬው ቀደም ሲል ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ አገሬው "ባሻ ፈለቀ" የሚለው ካፒቴን ስፒዲ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ትሪስትራም ነበር፤ ከክብ ጠረጴዛው ፈረሰኞች አንዱ።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ በፈረሰኛ ናፍቆት ታማ ነበር። ባቡርና ፋብሪካ በበዛ ቁጥር አርተር ይበልጥ ተወደደ። የመንግሥቱ ባለቅኔ ቴኒሰን ስለ አርተር የገጠማቸውን ረጃጅም ግጥሞች እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ ያሳትም ነበር፤ ቤቱም በዋይት ደሴት ላይ ነው። ጎረቤቱ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ናት። ዓለማየሁ ከስፒዲ ጋር እዚያው ደሴት በደረሰ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1868 ፎቶግራፍ አነሣችው፤ ፊቱ ያዘነ ሕፃን ነው። ይህችው ሴት ከስድስት ዓመት በኋላ ሰዎችን ጥሩርና ካባ አልብሳ፣ አርተርንና ላንሰሎትን አስመስላ፣ ለቴኒሰን ግጥሞች ሥዕል የሚሆኑ ፎቶግራፎች አነሣች። የአባ ታጠቅ ልጅና የተረቱ ፈረሰኞች በአንዲት ሴት ዓይን አለፉ። የተረቱ ፈረሰኞች ግን ፎቶው ሲያልቅ ካባቸውን አውልቀው ቤታቸው ይገባሉ፤ ልጁ የሚገባበት ቤት አልነበረውም።

በኋላ ከስፒዲ ተነጥሎ በቼልተንሃም፣ ቀጥሎም በራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ። ራግቢ ባላባት ወጣቶችን "ጨዋ" አድርጎ በማውጣት የተደነቀ፣ ልብ ወለድም የተጻፈለት ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልተመቸውም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 18 ነበር። ንግሥቲቱ ሐዘኗን በማስታወሻዋ ጻፈች። የተቀበረውም ዊንድሰር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አዎን፣ በመቀነቱ ፈረሰኞች ቤት። በመታሰቢያው ላይ ከማቴዎስ ወንጌል እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው ቃል ተቀርጿል። እንግዳ ያደረገው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

በጥቅምት 1947 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንግሊዝን ሲጎበኙ ያንኑ የጋርተር ኒሻን ተሸለሙ። አባ ጠቅል በመቀነቱ ማኅበር ተቆጠሩ፤ የአባ ታጠቅ ልጅ ከዚያው ማኅበር ቤት አፈር ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን ተመለሰ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የልዑሉን አጽም በተመለከተ፣ በዚያው የተቀበሩትን የሌሎችን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ።

እኔ የእንግሊዝን ተረት አትማሩ የምል ሰው አይደለሁም። እንዲያውም የጋዌይን ገጣሚ ይህን ሁሉ ቀድሞ ያየ ይመስለኛል። የፈረሰኛ ክብር የሚለካው በቆረጠው አንገት ሳይሆን በደበቀው መቀነት ነው ብሎናልና። ዊንድሰር ያለው አጽም የእንግሊዝ የተደበቀ መቀነት ነው። እኛስ? በፉከራችን ውስጥ የደበቅነው የለም? ገበሬው፣ ገደል የተሰደደው እስረኛ፣ ሰለባው የት አሉ? ሽለላችንን በጥቅምት አበባ ወቅት በመድረክ የምናጨበጭብለት ጌጥ ብቻ አድርገን ካስቀረነው፣ እንደ ካሜሮን ፎቶግራፎች ካባ የለበሰ ባዶ ሰው ይሆናል። ከነነውሩ ካጠናነው ግን "ጨዋ" የሚለው ቃል ከወታደርነት ወደ ምግባር የተጓዘውን መንገድ እኛም እንጨርሰዋለን።

ባለፈው ሳምንት ተማሪዋን ደረጃ ላይ አገኘኋት። ጽሑፏን አስረክባለች። "'ጨዋነት' ብዬ ተረጎምኩት። ግርጌው ላይ ደግሞ፣ ቃሉ መጀመሪያ ምርኮኛ ማለት ነበር ብዬ ጻፍኩ" አለችኝ።

"መምህሩ ምን አለሽ?"

"'ከምርኮኛው ጀምሪ' አለኝ።"