የጠመንጃ ጉርሻ

ጀማሪ ተኳሽ የመጀመሪያ ሽጉጡን ሲመርጥ ምን ይመልከት? ሽጉጥ እንደ ማናቸውም ዕቃ በሱቅ በሚሸጥባት በአሜሪካ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎቹ አሠልጣኞች የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፤ በትንሿ በ22 ጀምር ይላሉ። 22 የሚሏት ጥይት ውፍረቷ 5.6 ሚሊ ሜትር ግድም ብቻ ስትሆን፣ ዘሯም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1857 ለገበያ ካወጣት ሰባት ጎራሽ ሽጉጥ የሚጀምር ነው። የአሠልጣኞቹ ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትንሿ ሽጉጥ ስትተኮስ እጅን አትመታም፤ ጀማሪውም ድንጋጤን ቀድሞ እየጠበቀ ዐይኑን ጨፍኖ ቃታ መሳብን አይለምድም። ሁለተኛ፣ ጥይቷ ርካሽ ናት፤ መቶውን ቢስት መቶ አንደኛውን ለመሞከር ኪሱ አይከለክለውም።

እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው ምክንያት ነው። ስለ ጠመንጃ የተጠየቀ ሰው ስለ ጥይት ይመልሳል። አማርኛ ግን ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። በእኛ ቋንቋ ጠመንጃ ይጎርሳል፤ ባለቤቱ ያጎርሰዋል፤ አቅሙም የሚነገረው «አምስት ጎራሽ»፣ «አሥር ጎራሽ» እየተባለ ነው። አፍ ስላለውም አፈሙዝ አለው። ይህን ቃል የፈጠረ ሰው ብረቱን ያየው እንደ እንግዳ ወይም እንደ ልጅ፣ ከሰው እጅ እንደሚበላ ፍጡር አድርጎ ነው። እንግዳን የጋበዘ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መሶቡ ነው።

የሀገራችን የጠመንጃ ታሪክ አዘውትሮ የሚተረከው በጠመንጃ ቁጥር ነው። እገሌ ይህን ያህል ሺህ ነፍጥ ነበረው፣ እገሌ ይህን ያህል ማረከ ይባላል። በጉርሻው በኩል ቢተረክ ግን ብዙ ነገር መልኩን ይለውጣል።

በታሪካችን ስሙ የገነነው ሽጉጥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የጠጡት ነው። ለቆንስል ፕላውደን ላደረጉት ደግነት ምስጋና ይሆን ዘንድ ንግሥት ቪክቶሪያ ከላከችላቸው ጥንድ ሽጉጦች አንደኛው ነበር፤ ቆንስል ካሜሩን ያስረከባቸው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። ይህ ሽጉጥ ስጦታ እንጂ ምርጫ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመረጡትን ማየት የሚፈልግ ሰው ጋፋትን ይመልከት፤ በዚያ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን መድፍ ያስቀልጧቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩትም የመሣሪያ ባለሙያዎችን እንዲያመጣላቸው ነው። የተሠራውን ሳይሆን ሠሪውን ይሹ ነበር። ሠሪው ሳይመጣ ናፒየር መጣ፤ ወታደሮቹም ከኋላ የሚጎርሰውን ስናድር ይዘው በአሮጌ ሜዳ ላይ ከአፉ በኩል ባሩድና እርሳስ እየተጠቀጠቀ ከሚሞላ ጠመንጃ ጋር ተጋጠሙ። አንዱ አንዴ እስኪሞላ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ከብሪታንያ በኩል የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ።

ናፒየር ሲመለስ ጥቂት መድፎችና ወደ 850 የሚጠጋ ጠመንጃ ለትግራዩ ገዥ ለደጃች ካሣ ትቶላቸው ሄደ። ስናድሮቹን ግን ይዞ ተመልሷል፤ የተወው ለእሱ ጊዜው ያለፈበትን ነው። ሆኖም ካሣ ከጠመንጃው ጋር አንድ ሌላ ነገር አገኙ፤ ከርካም የተባለ እንግሊዛዊ ወታደር እዚሁ ቀርቶ ሰዎቻቸውን ተኩስና ሰልፍ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1871 ያ የሠለጠነ ጦር በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል ነሣ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። አሮጌ ጠመንጃ ለለመደው እጅ ከአዲስ ይሻላል ቢባል ለዚህ ሌላ ምስክር አያሻውም። ከዚያም በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ረሚንግቶን ከነጥይቱ በምርኮ ገባ።

አሁን ሥነ ጽሑፍ ወዳጁ አንባቢ ወደሚያውቀው ሰው እንምጣ። አርቱር ራምቦ ከግጥም ከተለየ አሥር ዓመት ገደማ አልፎት፣ በ1885 መጨረሻ ላይ ታጁራ ወደብ ተቀምጦ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚወስደውን የጠመንጃ ጭነት ያሰናዳ ነበር። ከዚያ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ነጋዴነቱን አልሸሸገም። የሚሸጠው ከአርባ ዓመት በፊት ከሠራዊት የወጣ፣ በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚተኮስ አሮጌ ጠመንጃ መሆኑን፤ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ እንደሚያወጣ፤ ለምኒልክ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ በግልጽ ነግሯቸዋል። የፈረንሳይ መንግሥት በመካከሉ የመሣሪያ ንግዱን አግዶ ነበርና ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተነሣ። ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ፤ አብሮት ሊዘምት ያሰበው ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ ብቻውን የአፋርን በረሃ አቋርጦ በየካቲት 1887 አንኮበር ገባ። ጭነቱ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የረሚንግቶን ጥይት ነበር።

ንጉሡ አንኮበር አልነበሩም፤ በዚያው ጥር ሐረርን ይዘው ነበርና ራምቦ ወደ እንጦጦ ወጥቶ ጠበቃቸው። የሆነው ሁሉ ይታወቃል፤ ምኒልክ ዋጋውን ሰበሩ፣ የላባቱን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ቀነሱ፣ ለቀሪውም ሐረር ላይ ራስ መኰንን እንዲከፍሉት ወረቀት ጽፈው ሰጡት። የራምቦን ሕይወት የጻፉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ገጣሚው በጮሌ ንጉሥ የተታለለበት አድርገው ያቀርቡታል። 7 ፍራንክ የሚያወጣን ዕቃ በ40 ሊሸጥ የመጣን ሰው ተታለለ ማለት እኔን አይዋጥልኝም። ገዢው ዕቃውን ያውቅ ነበር፤ በቃ።

ንጉሡ ታዲያ ያን አሮጌ ብረት ስለ ምን ገዙት? በጉርሻው በኩል ካየነው ምርጫው ሞኝነት አይደለም። ባሩዱ በሀገር ውስጥ ይወቀጣል፣ እርሳሱ በሀገር ውስጥ ይቀልጣል፤ ከባሕር ማዶ የሚፈለገው ያቺ የመዳብ ቆብ ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ተኩሶ ለማያውቅ ባላገር ቢሰጥ መሶቡ ከደጁ አይርቅም። ረሚንግቶን ግን ያለ ፋብሪካ ጥይት ሰደፍ ያለው ዱላ ነው። ስለዚህ በዚያ ጭነት ውስጥ የከበረው ነገር 2,040ው ጠመንጃ ሳይሆን 60,000ው ጥይት ይመስለኛል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጣልያን በውል ለምኒልክ ለመስጠት የተስማማችው ረሚንግቶን 5,000 ነበር። 60,000 ጥይት ለ5,000 ጠመንጃ ቢታደል ለአንዱ 12 ይደርሰዋል። በ12 ጥይት ተኩስ ተምሮ፣ በዚያው በ12 ጥይት የሚዋጋውን ሰው አስቡት!

ቀጥሎ የመጣው ውጅግራ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1886 ለበን የምንለውን አዲሱን ጠመንጃ ሲቀበል፣ የ1874ቱ ግራ በመጋዘን ተከመረ፤ በኦቦክና በጅቡቲም በኩል ወደ እኛ ፈሰሰ። «ፉዚ ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ በአፋችን ውጅግራ ሆነ። ለጀማሪ የሚስማማ ጠመንጃ ነበር፤ አንድ ጎራሽ፣ አሠራሩ ቀላል፣ ብረቱ ጠንካራ። ትከሻን ግን ክፉኛ ይመታል፤ ጭሱም ተኳሹን ያጋልጣል።

የውጅግራ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነበር። ጥይቱ በገበያ ላይ ገንዘብ ሆነ። ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግብይት የሚከብድ፣ አሞሌ ጨውም በዝናብ የሚሟሟ ስለ ነበር፣ ሰው ጥይትን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሰጥና ይቀበል ጀመር። ልምምድ ማለት እንግዲህ ገንዘብን ወደ አየር መበተን ነው። ልጁን ተኩስ የሚያስተምር አባት በእያንዳንዱ ስሕተት የቤቱን በርበሬና ጨው ያቃጥላል። ከዚህ የተነሣ ሰው ኢላማውን እስኪጨብጥ ቃታ አይስብም፤ ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ ወልውሎ፣ ባዶውን አነጣጥሮ ዓመታትን ያሳልፋል። ትዕግሥት ነው ቢሉ ትዕግሥት ነው፤ ድህነት ነው ቢሉም ያስኬዳል።

ምኒልክ ጥይትን ከጠላትም ቢሆን ከመቀበል አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1893 2 ሚሊዮን ጥይት ከጣልያን ተረከቡ፤ በዚያው ዓመት የውጫሌን ውል መተዋቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ወደ 100 ሺህ ከሚገመተው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ረሚንግቶኑ፣ ውጅግራው፣ ሌላውም ተደባልቆ። ጣልያኖችም አዲስ የ1891 ጠመንጃ ነበራቸው፤ ሆኖም አብዛኞቹ ወታደሮቻቸው ያን ዕለት የተሰለፉት አሮጌውን ቬተርሊ ይዘው ነው። የከረመ ጥይት ያላቸው ለእሱ ነበርና።

ዝንቅነቱ ለአንድ ቀን ጦርነት አልጎዳም። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን ጎዳ። በ1935 ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራትና አልከበዳትም። የእኛ ዘማች ግን ከአባቱ የወረሰውን ይዞ ወጣ። ከአንድ አምባ የመጡ ወንድማማቾች አንዱ ውጅግራ፣ አንዱ በልጅግ፣ አንዱ ምንሽር ቢይዙ፣ አንዱ ጥይት ሲያልቅበት ሌላው ሊያበድረው አይችልም። ማይጨው ላይ በመጋቢት 1936 መርዙና አውሮፕላኑ ያደረሱትን ሁሉም ያወሳል፤ ይህን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ በዱር የቀረው አርበኛ ምርጫው ተለወጠ። ጅቡቲ ተዘግቷል፤ ነጋዴ የለም፤ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ናት። በአምስቱ ዓመት ጥይት ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ የሚመጣለት ጠመንጃ በሀገሪቱ አንድ ነበር፤ የወራሪው የራሱ፣ ያው የ1891 ዓይነት፣ ስድስት ጎራሹ። መሶቡም በየምሽጉና በየመኪናው ላይ ነው። ስለዚህ መንገድ ዳር ያደፈጠ ሰው ከወደቀው ወታደር ላይ ጠመንጃውን ብቻ አይወስድም፤ ዝናሩን አስቀድሞ ይፈታል። የአባቱ ውጅግራ ከጎጆው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ወልዋይ እንጂ አጉራሽ የለውም።