ጓሮ የሚጸናው በማን ደንብ ነው?

እህቶቻችን፣ በዚህ እትም ስለ ፐርማካልቸር ታሪክ ጥቂት እናጫውታችሁ። ቃሉ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ «ቋሚ» እና «ግብርና» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣምረው ሰየሙት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የዝናብ ውሃ አፈር ጠርጎ ከመሄድ ይልቅ እንዲሰርግ ማድረግ፣ የወጥ ቤት ትራፊ ተመልሶ አፈር እንዲሆን፣ ዛፍ፣ አትክልትና ዶሮ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ማድረግ።

ሐሳቡ በየአገሩ የተስፋፋው ከአንድ ዋና ጽሕፈት ቤት በሚወርድ ትእዛዝ አልነበረም። የ72 ሰዓት ኮርስ የወሰደ ሰው ሌላውን ያስተምራል፤ የተማሩትም በየአገራቸው ይደራጃሉ። አደረጃጀቱ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ አባላት መዋጮ የሚከፍሉበት ማኅበር ሆነ። በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1988 ከሐራሬ አቅራቢያ ፋምቢድዛናይ የተባለ የማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። በኩባ ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ነዳጅና ማዳበሪያ ሲጠፋ፣ የከተማ ሰው ባዶ ቦታውን ሁሉ አትክልት ተከለበት፤ ከአውስትራሊያ የመጡ አሠልጣኞችም እዚያ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የአፍሪካ ድርጅቶች ፔሉም የሚባለውን ኅብረት መሠረቱ፤ ኢትዮጵያም በኋላ ገባችበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሥራው ከቃሉ በፊት ነበረ። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ እርከን ተዳፋቱን ይዞ፣ ሽፈራውን ከማሽላ ጋር እየተከለ ለብዙ ትውልድ ኖሯል። ዩኔስኮም ይህን መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የፐርማካልቸር ኮርስ ወደ ኮንሶ ሲመጣ ያገኘው የሚያስተምረውን ብቻ ሳይሆን የሚማርበትንም ነው።

ሌላው ምሳሌ ትግራይ ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በኩል እ.ኤ.አ. በ1996 በጥቂት የገበሬ መንደሮች ሥራ ጀመሩ። ሥራው ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ቦረቦር መገደብ፣ ከብት በየሜዳው እንዳይለቀቅ ማድረግ ነበር። በየማሳው ምርቱ ሲለካ ኮምፖስት የገባበት እህል የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበት ጋር እኩል ወይም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ማዳበሪያ በዱቤ መግዛት ለሚያስፈራቸው ባል ለሌላቸው እማወራዎች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እኛ ይበልጥ ልብ ያልነው ግን ሌላውን ነው፦ ከብት የት እንደሚሰማራ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ደንብ የጣሰ ምን እንደሚቀጣ የሚወስነውን መተዳደሪያ ያወጡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ2000 የተሸለሙትን «ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት ሞሊሰንም በ1981 አግኝቶት ነበር።

የራሳችን ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የሴቶች ራስ አገዝ ቡድን ልምድ ከሕንድ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዳማ የተጀመረው በጥቂት ቡድኖች ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ትንሽ ይቆጥባሉ፤ ቡድኖች ሲበዙ ተወካይ ልከው ክላስተር ያቆማሉ፤ ክላስተሮችም ፌዴሬሽን ይሆናሉ። ቁጠባው የራስ ነው፤ ደንቡም የራስ ነው። ዕቁብና ዕድር ለምን እንደኖሩ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡልቡላ ከጥቂት ዓመታት በፊት የገበሬ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። በየብሎኩ መካከል የቀረችውን መሬት በጋራ እናልማ የሚል ሐሳብ በመካከላችን አለ፤ ዘርና መሣሪያ የሚሰጥ ድርጅት ቀድመን እንፈልግ የሚሉም አሉ። እርዳታ አንጠላም። ግን በሒሳብ ሥራ እንደምናውቀው፣ ከውጭ በሚመጣ ገቢ ብቻ የቆመ ወጪ ገቢው ሲቋረጥ አብሮ ይቆማል። በትግራይ የተሠራውን ሥራ ያሰፋው ኮምፖስቱ በነጻ ከሚገኝ ነገር መሠራቱና ደንቡ የሰፈሩ መሆኑ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ከመቆፈራችን በፊት አንድ ገጽ ደንብ እንጻፍ። መሬቱን ለመጠቀም የነዋሪዎች ማኅበሩን ፈቃድ በጽሑፍ እንያዝ። በበጋ ውሃ በፈረቃ ስንቀበል የማጠጣቱ ተራ የማን እንደሆነ፣ ጎመኑ ሲደርስ እንዴት እንደምንካፈል፣ ከሽያጩ ስንት ወደ ቁጠባችን እንደሚገባ፣ ለቀጣዩ ዓመት ዘር ማን እንደምታስቀምጥ ይጻፍ። የታመመች ወይም የወለደች እህት ተራዋ ቢያልፍ ድርሻዋ እንዳይነካም ይጻፍ። ረቂቁ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይቅረብ፤ ዘርና መሣሪያ የሚሰጥ ቢመጣ ደንባችንን አሳይተን እንቀበለዋለን።