ሦስት መንገዶች፣ አንድ ሶፍ፦ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የተነሳው የሙስሊሞች ልዩነት ስለ ሰብርና ኢኽላስ የሚያስተምረን

መግቢያ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ስለ ኢኽቲላፍ አደብ በምናስተምርበት ጊዜ ምሳሌ የምናመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመዲና፣ ከኩፋና ከባግዳድ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም የገዛ አገራችን አባቶች ከመውሊድና ከዚያራ ክርክር እጅግ በከበደ ጉዳይ ተለያይተው ያውቃሉ። የተለያዩት እምነታቸውን ካዱ በተባሉበት ዘመን፣ ነፍስ፣ ሀብትና ቤተሰብ በሚጠፋበት ሰዓት ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ልዩነት በታሪክም በሸሪዓም ሚዛን ማየት፣ ከዚያም ዛሬ በየመስጂዳችን ለምንለያይባቸው ጉዳዮች ትምህርት መውሰድ ነው።

ደብረ ታቦርና አካባቢው

ደብረ ታቦር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በራስ ጉግሣ ዘመን ተቆርቁራ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆነች። በጉና ተራራ ሥር ያለው ይህ ደጋ በንግድ መንገድ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ደሪጣን በመሰሉ መንደሮች ሙስሊም ነጋዴዎችና የዕውቀት ሰዎች ሰፍረውበት ኖረዋል። የሙስሊሙ ኑሮ ግን ሁልጊዜ በቤተ መንግሥት ውሳኔ ጥላ ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን የተደረገው ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1864 ደግሞ ደብረ ታቦርን ዋና ሰፈራቸው ያደረጉት አፄ ቴዎድሮስ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከሁሉም የሰፋና የጸና ነበር።

አዋጁ

እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው በዋናነት የቤተ ክርስቲያኒቱን የውስጥ ክርክር ለመቁረጥ የተጠራ ቢሆንም ውጤቱ ለሙስሊሙም ተረፈ። ሹመት ያላቸው ሙስሊሞች በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲጠመቁ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ፣ ተራው ሕዝብ ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎ መሪ የነበሩት ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ኢማም አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ።

አፄ ዮሐንስ ከመቀሌ ሌላ ደብረ ታቦርንም መናገሻ አድርገው ነበር። ጎርዶን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1879 ሊያነጋግራቸው የመጣው ወደ ደብረ ታቦር ነው። ስለዚህ የበጌምድር ሙስሊም አዋጁን የሰማው ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ወሬ ሳይሆን፣ ከደጁ ከቆመው ድንኳን ነበር ማለት ይቻላል።

ሦስቱ መልሶች

የሙስሊሙ መልስ አንድ ዓይነት አልነበረም። በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያዎቹ ባሉበት ቆይተው በግዳጅ የሚፈለግባቸውን በአደባባይ እየፈጸሙ እምነታቸውን በቤታቸው ጠበቁ። የዘመኑ የውጭ ጸሐፍት ስለነዚህ ሰዎች ሲናገሩ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ነበሩ ይላሉ።

ሁለተኞቹ ዲናቸውን ይዘው ተሰደዱ። አንዱ ወደ መተማ፣ ሌላው ወደ ጉራጌ፣ ወደ አርሲና ወደ ሐረር አገር ሄደ። ቤትና መሬት፣ የወላጅ መቃብርም ወደ ኋላ ቀረ።

ሦስተኞቹ መሣሪያ አነሡ። ከእነዚህ መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ሸይኽ ጠልሓ ብን ጃዕፈር ናቸው። ሸይኹ ተዋጊ ብቻ አልነበሩም፤ በአማርኛ ቋንቋና በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀሚ፣ ሕዝብን የሚያስተምር መንዙማ የደረሱ ዓሊምም ናቸው።

ሦስቱ መልሶች በሸሪዓ ሚዛን

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነጥብ፣ ከሦስቱ ወገኖች እያንዳንዱ የሚደገፍበት ማስረጃ እንደነበረው ነው። በግዳጅ ቃል የወጣው፣ ልቡ ግን በኢማን የረጋ ሰው ከቅጣት ነፃ መሆኑ በሱረቱ አን-ነሕል ቁጥር 106 ተገልጿል፤ የሙፈሲሮችም ብዙኃን አንቀጹን ከዐማር ብን ያሲር (ረ.ዐ.) ታሪክ ጋር ያያይዙታል። መሰደድ እየቻለ በጭቆና ሥር የተቀመጠ ሰው በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 97 ይወቀሳል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ግን መንገድ ያጡትን ደካሞች፣ ሴቶችና ሕፃናት ለይቶ ያወጣል። በደል ለደረሰባቸው የመከላከል ፈቃድ መሰጠቱም በሱረቱ አል-ሐጅ ቁጥር 39 ይገኛል።

እንግዲህ ልዩነቱ በኢማንና በክህደት መካከል የነበረ አይደለም፤ አንድን ማስረጃ በአንድ ሁኔታ ላይ በማዋል የተነሳ ልዩነት ነበር። ብርቱ ጎልማሳ ሊሰደድ ይችላል፤ አሮጊት እናት ያለችው ግን አይችልም። ጭፍራ ያለው ሊዋጋ ይችላል፤ በደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ያለ ሸማኔ ግን ቢሞክር ልጆቹን ያስፈጃል። ሁኔታን መመዘን ደግሞ ኢጅቲሃድ ነው። ኢጅቲሃድ አድርጎ ያገኘ ሁለት ምንዳ፣ የሳተም አንድ ምንዳ እንዳለው በቡኻሪና በሙስሊም በተላለፈው ሐዲስ እናውቃለን።

ይህ ማለት ሁሉም ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም። በአዋጁ አጋጣሚ ሹመት ፈልጎ የተጠመቀም ሊኖር ይችላል፤ በጂሃድ ስም ዘረፋ የፈለገም እንዲሁ። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ ሥራን እንጂ ልብን አይመዘግብም። ኢኽላስ የራስን ኒያ መመርመሪያ እንጂ የወንድምን ልብ መበርበሪያ መሣሪያ አይደለም።

የሙሳና የሃሩን ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። አፄ ምኒልክ ሲነግሡ የግዴታ ጥምቀቱ ቀረ። በዚህ ጊዜ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ መጣ፦ የተሰደደው ሲመለስ፣ ባለበት የቆየውና የተዋጋው በአንድ ሶፍ ሲቆሙ ምን ይባባላሉ?

ለዚህ ጥያቄ ከቁርኣን የቀረበ ምሳሌ የነቢዩ ሙሳና የነቢዩ ሃሩን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ይመስለናል። ሙሳ ወደ ጌታቸው ቀጠሮ ሄደው ሳለ ሕዝቡ ጥጃ አመለከ። ሃሩን ከሕዝቡ ጋር ቀሩ፤ አስጠነቀቁም። ሙሳ ሲመለሱ ተቆጥተው የወንድማቸውን ራስና ጢም ያዙ። በሱረቱ አል-አዕራፍ ቁጥር 150 እና 151 እንዲሁም በሱረቱ ጣሃ ቁጥር 94 እንደተገለጸው፣ ሃሩን ሁለት ነገር አስረዱ፦ ሕዝቡ እንዳደከማቸውና ሊገድላቸው እንደተቃረበ፣ ደግሞም ሕዝቡን ከፋፈልክ እንዳይባሉ መፍራታቸውን። ሙሳም ይህን ሲሰሙ ለራሳቸውና ለወንድማቸው ምሕረት ለመኑ።

እዚህ ላይ ሦስት ትምህርት አለ። ቁጣው ለአላህ ብሎ የተነሳ እውነተኛ ቁጣ ቢሆንም ምክንያትን ከመስማት አላገደም። በስፍራው የነበረው ሰው በስፍራው ያልነበረው የማያውቀውን ያውቃል። ሙሳም ዱዓውን ሲጀምሩ ከወንድማቸው በፊት ለራሳቸው ምሕረት ጠየቁ። ከስደት የተመለሰ ዓሊም ባለበት የቆየውን ከመውቀሱ በፊት ሊያስታውሰው የሚገባው ይህንን ነው። ባለበት የቆየውም ለተሰደደው እንዲሁ ያድርግ፤ ትቶን ሄደ ከማለቱ በፊት ምን ተሸክሞ እንደሄደ ይጠይቅ።

ታሪክም ይህን ያጸናል። መስጂድና ሰፈር ጠብቆ ያቆየው የቀረው ነው፤ ዕውቀትን ወደ ሌላ አገር ያሻገረው የተሰደደው ነው፤ አዋጁ ያለ ዋጋ እንደማይፈጸም ያሳየው የተዋጋው ነው። የአንዱ ሥራ ያለ ሌላው አይሞላም ነበር።

ለዛሬ የሚሆነን

የዛሬው ልዩነታችን በአብዛኛው ስለ መውሊድ፣ ስለ ዚያራ፣ ስለ ሐድራ፣ ስለ ስም ትርጓሜና ስለ መጅሊስ አመራር ነው። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ እውነትን መፈለግ ግዴታችን ነው፤ ዝም እንበል አንልም። ጥያቄው እንዴት እንፈልገው የሚል ነው።

ኢማሙ አል-ገዛሊ በኢሕያእ የዕውቀት ኪታብ ውስጥ ስለ ክርክር ሲያስተምሩ፣ እውነትን የሚሻ ሰው የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው መሆን አለበት ይላሉ፤ እርሱ ቢያገኘው ወይም ሌላው ቢያገኝለት ደስታው እኩል ነው። ይህን መመዘኛ ጸሐፊው በራሱ ላይ ሞክሮታል። ደረሳ ሳለ በአንድ መስአላ ባልንጀራውን በጀማዓ ፊት ረትቶ ነበር። ማታ ግን ያሰበው ስለ መስአላው ሳይሆን የባልንጀራው ፊት እንዴት እንደቀላ ነበር። መልሱ ትክክል ነበር፤ ኒያው ግን አልነበረም።

ሰብርም እንዲሁ ዝምታ ብቻ አይደለም። ዐብዱላህ ብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) በሚና አራት ረከዓ መስገዳቸውን ተቃወሙ፤ ሆኖም አራቱን ሰገዱ፤ መለያየት ክፉ መሆኑንም ተናገሩ። ሐሳባቸውን አልደበቁም፣ ሶፉንም አልበተኑም። የሱረቱ አል-አንፋል ቁጥር 46 ጭቅጭቅ ኃይልን እንደሚያሳጣ ከገለጸ በኋላ ወዲያው ሰብርን ማዘዙም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የመንግሥት እጅ ነው። ኢማም ማሊክ ኸሊፋው አል-መንሱር ሙወጠእን በሕዝቡ ሁሉ ላይ ሊያስገድድላቸው ሲሻ አልተቀበሉም፤ ሶሐቦች በየአገሩ ተበትነው የተለያየ ዕውቀት አድርሰዋልና። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. አንድ አስተምህሮ በመንግሥት ድጋፍ ይጫናል የሚል ተቃውሞ ከአወሊያ ተነሥቶ ሲሰፋ፣ የዑለማ ልዩነት በባለሥልጣን እጅ ሲገባ ምን ያህል ቁስል እንደሚተው አይተናል። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተለያየ አመለካከት ያላቸው ዑለማዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የጋራ አመራር መምረጣቸው የዚያ ቁስል ሕክምና መጀመሪያ ነበር። ከዚያ በኋላም አለመግባባት መነሣቱ ስምምነት በአንድ ቀን ጉባኤ እንደማይጸና ያስረዳል።

መደምደሚያ

የመስጂድ ኢማምና የመድረሳ መምህር ስለ ልዩነት ሲናገር ከፊቱ ያለው ጀማዓ የነዚያ የሦስቱ ወገኖች የልጅ ልጅ ነው። አንዱ የቀረው፣ አንዱ የተሰደደው፣ አንዱ የተዋጋው ዘር ነው፤ ማን የማን እንደሆነ ግን ዛሬ በሶፉ ውስጥ አይለይም። አያቶቻችን በነፍስ ጉዳይ ከተለያዩ በኋላ አብረው መስገድ ከቻሉ፣ እኛ በአንድ ሌሊት መውሊድ ወይም በአንድ ሹመት ምክንያት ሁለት ጁሙዓ ብናቆም ምን ብለን እንመልሳለን?

ስለዚህ ከፈትዋ በፊት ሁኔታን እንጠይቅ፤ ከመልስ በፊት ኒያችንን እንይ፤ ከወቀሳ በፊት ለራሳችንና ለወንድማችን ምሕረት እንለምን። አላህ ልባችንን ያስማማው። ወላሁ አዕለም።