ለሪህ በሽታ የሚወሰዱ የባህል መድኃኒቶችና ሳይንሳዊ ማስረጃቸው

ሪህ በደም ውስጥ ያለው የዩሪክ አሲድ መጠን ከፍ ሲል በመገጣጠሚያዎች ውስጥ በሚከማቹ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ምክንያት የሚከሰት በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በድንገት ያሳብጣል፤ ብርቱ ሕመምም ያስከትላል።

በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች እንደሚደረገው ሁሉ በመቀሌ ከተማም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና በትግርኛ ሽንፋዕ የሚባለውን ፌጦ ይጠቀማሉ። የእነዚህን ዕፅዋት ጥቅም ለመመዘን ሁለት ነጥቦችን ማገናዘብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በልማድ ማንኛውም የመገጣጠሚያ ሕመም “ሪህ” ስለሚባል ተሻለው የተባለው ሰው ሕመም ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የሪህ ሕመም ሲነሳ ያለ መድኃኒትም በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚበርድ በዚያ ጊዜ የተወሰደ ማንኛውም ነገር የፈወሰ ይመስላል።

ዝንጅብል የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት የሚያስከትለውን ሕመም በመጠኑ እንደሚቀንስ በሰዎች ላይ የተካሄዱ ሙከራዎች አመልክተዋል። ይህ ግን ከሪህ የተለየ በሽታ ነው። የአንዳንድ ዕፅዋት ጭማቂ ዩሪክ አሲድን የሚያመርተውን ኢንዛይም በቤተ ሙከራ መግታቱም በሕሙማን ላይ ይሠራል ለማለት አያበቃም።

ዕፅዋት ለሪህ አይረዱም ማለት ግን አይደለም። ሕመሙን ለማስታገስ የሚታዘዘው ኮልቺሲን እ.ኤ.አ. በ1820 በፈረንሳይ የተለየው ከዕፅ ነው። ፈዋሽ መጠኑና ገዳይ መጠኑ የተቀራረቡ በመሆናቸው በልክ ካልተወሰደ ለሞት ይዳርጋል። በኢትዮጵያም የሚበቅለው ግሎሪዮሳ ሱፐርባ የተባለው ዕፅ ይህንኑ ንጥረ ነገር ስለያዘ በግምት መጠቀም አደገኛ ነው።

አመጋገብን በሚመለከት፣ ሪህ ያለበት ሰው ሽሮና ምስር መተው አለበት የሚል ሰፊ እምነት አለ። ይሁንና በአሜሪካ 47 ሺህ 150 ወንዶችን ለ12 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ ለሪህ እንደሚያጋልጡ ሲያሳይ፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት ጋር ግን ግንኙነት አላገኘም። ቢራም አጋላጭ መሆኑ ተረጋግጧል።

ዘላቂው ሕክምና እንደ አሎፑሪኖል ባሉ መድኃኒቶች ዩሪክ አሲድን በዴሲ ሊትር ደም ከ6 ሚሊ ግራም በታች ማድረግ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የዓይደር ሆስፒታልን ጨምሮ የትግራይ ጤና ተቋማት ከፍተኛ የመድኃኒት እጥረት ገጥሟቸው እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ጊዜ ሕክምናቸውን ያቋረጡ ሕሙማን ሕመሙ ባይሰማቸውም ክሪስታሎቹ መከማቸታቸውን ሊቀጥሉ ስለሚችሉ ደማቸውን ማስመርመር፣ የሚጠቀሙበትንም ዕፅ ለሐኪም መንገር ይጠበቅባቸዋል።