ጅቡን ማን ነው የሚያወራው?

«መምህር፣ ልጆቹ ‹ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት› የሚባል አስፈሪ ፊልም በፍላሽ አምጥተዋል፤ አብረን ብናየው ችግር አለው?» አለኝ ጎረቤቴ።

ጥያቄው የቆየ ነው። ታሪኮቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በሥዕል መጽሔት ነበር የወጡት። በ1954 እ.ኤ.አ. የሴኔት ኮሚቴ «እንዲህ ያለው መጽሔት ልጆችን ያበላሻል ወይ?» ብሎ መረመረ። በ1989 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ተመልሰው መጡ፤ ግን በክፍያ ጣቢያ፣ ለአዋቂ።

እኛስ ያለ ፍርሃት አደግን እንዴ? በሙጃ ብርድ እሳት ዳር ሆነን አያቴ ስለ ጅብ ስታወራ ጋቢ ውስጥ እንደበቅ ነበር። እሷ ግን ፊታችንን እያየች ታለዝበው ነበር። አባባ ተስፋዬም ይህንኑ ወግ ቴሌቪዥን ላይ ይዘው 40 ዓመት ያህል ተረት ነገሩን፤ መጨረሻው ምክር ነበር።

ፊልም የልጅህን ፊት አያይም። ይሄኛው ደምና ራቁትነት ስለሚበዛበት ለልጆች አይሆንም አልኩት። ቀለል ያለ አስፈሪ ታሪክ ካመጡ ግን አጠገባቸው ተቀመጥ፤ አያትየዋን አንተ ሁን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?