በከፋ የጥቁር ዝንብ ንክሻና የቆዳ ሕመም ታሪክ

በቦንጋ አካባቢ ፈጣን ወንዝ ባለበት ሁሉ ጥቁሯ ዝንብ አትታጣም። ይህች ዝንብ እንደ ቢንቢ መርፌ አትሰካም፤ ቆዳውን ቦጭቃ የሚያቁረውን ደም ትመጣለች። በስፍራው የደም ነጥብ ይቀራል፤ ቆይቶም ያብጣል፤ ያሳክካል። ይህስ በቀናት ውስጥ ያልፋል። የማያልፈው ስትነክስ የምታስገባው ትል ነው። ትሉ ከቆዳ ሥር ለብዙ ዓመታት እየተራባ ይኖራል። ጥቃቅን ልጆቹ በቆዳ ውስጥ ሲሞቱ ሰውነት ስለሚቆጣ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሣል፤ ቆዳው ይሻክራል፤ ከጊዜ ብዛትም ቅልጥሙ እንደ ነብር ይዥጎረጎራል።

በሽታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን የኢጣሊያ ተመራማሪዎች በ1939 (እ. ኤ. አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) አስታወቁ። ኦመን የተባለው ሐኪም ደግሞ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ስለዚህ በሽታና ስለ ዝሆኔ ያጠናውን በ1969 አሳተመ።

በእኔ አስተያየት ብዙ ያሳሳተው ስሙ ነው። «የወንዝ ዕውርነት» መባሉ በምዕራብ አፍሪካ ከታየው ጉዳት የተነሣ ነው፤ በእኛ አገር ግን ዕውሩ ጥቂት፣ በቆዳው የሚሠቃየው ብዙ ነው። በ1974 የተጀመረው ታላቅ ዘመቻ የዚያው የምዕራቡ ብቻ ነበር። የማሳከክ ሥቃይ እንደ ቁም ነገር ተቆጥሮ የተመዘነው በ1995 አዲሱ የአፍሪካ ፕሮግራም ሲቋቋም ነው። አይቨርሜክቲን ከ1987 ጀምሮ በነፃ ሲለገስ፣ በከፋ ሕዝቡ ራሱ የሚያድለው ሥርዓት የተጀመረው በ2001 ነው። መድኃኒቱ ልጆቹን እንጂ ትልቁን ትል ስለማይገድል ለዓመታት መደጋገም አለበት። ዝንቧም የምትናከሰው ቀን ስለ ሆነ፣ ቡና ለቃሚውን አጎበር አያድነውም።