የፒሳክ እርከኖችና የአንድ ቀን ጎብኚ

በፔሩ አገር፣ ከጥንታዊቱ የኩስኮ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቪልካኖታ ወንዝ ዳር ፒሳክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማይቱ በላይ ባለው ተራራ ጫንቃ ላይ ኢንካዎች የሠሩት የድንጋይ ሥራ ይታያል። ብዙ ጎብኚ ከኩስኮ በማለዳ ተነሥቶ፣ መንገድ የሚመራና ታሪክ የሚነግር ሰው ይዞ ወደዚህ ስፍራ ይመጣል። በመጀመሪያ ተራራውን በመኪና ይወጣል፤ ከዚያም በጠባቡ መንገድ በእግሩ እየተጓዘ ግንቡን፣ የፀሐይ መቅደሱንና የውሃ መውረጃውን ያያል፤ ቀትር ሲሆን ሸለቆው ቁልቁል ከሚታይበት ሣር ላይ ስንቁን ፈትቶ ይበላል፤ ወደ ማታም ይመለሳል። የተመለከተውንም ሁሉ «የኢንካ ፍርስራሽ» ብሎ ይጠራዋል። ነገር ግን ምሳውን የበላበት መደብ ራሱ የዚያ ሥራ ዋነኛ ክፍል መሆኑንና፣ ስፍራውንም ያፈረሰው የዘመን ብዛት ብቻ አለመሆኑን የሚያስተውለው ጥቂቱ ነው።

ኢንካዎች አገራቸውን በኬችዋ ቋንቋ «ታዋንቲንሱዩ» ይሉት ነበር፤ ትርጓሜውም «አራቱ ክፍሎች በአንድነት» ማለት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ፓቻኩቲ የተባለው ንጉሥ በ1438 ዓ.ም. (ከዚህ ጀምሮ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ነግሦ፣ የኩስኮን ትንሽ መንግሥት ወደ ታላቅ ግዛት ለወጠ፤ ፒሳክም የእርሱ ርስት እንደ ነበረ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ይህ መንግሥት መቶ ዓመት ሳይሞላው ከዛሬው ደቡብ ኮሎምቢያ እስከ ቺሌ እኩሌታ ድረስ ተዘረጋ። ፊደል አልነበረውም፤ ሒሳቡን «ኪፑ» በሚባል በተቋጠረ ገመድ ይይዝ ነበር። የብረት መሣሪያ፣ የጋሪ መንኰራኵር፣ የሚያርስ በሬም አልነበረውም። በእጁ የነበረው የሰው ጉልበት ነው፤ ስለዚህም ግብሩ በገንዘብ ሳይሆን በሥራ ይከፈል ነበር። ይህ የሥራ ግብር «ሚታ» ይባላል። ሕዝቡ በየተራው ለመንግሥት ሲሠራ፣ መንግሥትም በበኩሉ ሠራተኛውን መመገብና ማጠጣት ይገባው ነበር።

የፒሳክ እርከኖች ከዚህ ግዴታ ጋር የተያያዙ ናቸው። ተራራው ቀጥ ያለ፣ ሸለቆውም ጠባብ ስለ ሆነ ለእርሻ የሚሆን ደልዳላ መሬት ጥቂት ነበረ። ስለዚህ ሠራተኞቹ የድንጋይ ካብ ወደ ተራራው ጥቂት ዘንበል አድርገው ይክባሉ፤ ከካቡም ኋላ በታች ትላልቅ ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከሁሉ በላይ ለም አፈር ይሞላሉ። ዝናብ ሲበዛ ውሃው በጠጠሩ ውስጥ እየሠረገ ስለሚወርድ ካቡን አይገፋውም፤ ዝናብ ሲጠፋም ከላይ በቦይ የተጠለፈው ውሃ ከእርከን ወደ እርከን ይደርሳል። ድንጋዩም ቀን የተቀበለውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ፣ ውርጭ አዝመራውን እንዳያቃጥለው ይረዳል። መንገድ መሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያደንቁት በድንጋይና በድንጋይ መካከል ምላጭ እንኳ የማያስገባውን የመቅደሱን ግንብ ነው። እርከኑ ተራ ካብ ስለ ሆነ ዓይን አይስብም፤ መቅደሱን ያቆመው ሕዝብ ግን የበላው ከእንዲህ ያለው እርከን ነው።

በ1532 ዓ.ም. ፍራንሲስኮ ፒሳሮ ንጉሡን አታዋልፓን በካሃማርካ ማረከው፤ በሚቀጥለውም ዓመት አስገደለው። በ1536 ዓ.ም. ማንኮ ኢንካ ተነሥቶ ኩስኮን ከበበ፤ ከተማይቱን ማስለቀቅ ስላልቻለም ወደ ኦላንታይታምቦ፣ በኋላም ወደ ቪልካባምባ ጫካ አፈገፈገ። ከጦርነቱ ይልቅ ሕዝቡን የጨረሰው ከባሕር ማዶ የመጣው ፈንጣጣና ኩፍኝ ነው። ከ1569 እስከ 1581 ዓ.ም. የገዛው የእስፓኝ ንጉሥ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ ደግሞ፣ ግብር ለመሰብሰብና ሃይማኖት ለማስተማር እንዲመች፣ የተረፈውን ሕዝብ ከየተራራው እያስወረደ አዲስ በተቀየሱ መንደሮች እንዲሰፍር አስገደደው። የዛሬይቱ የፒሳክ ከተማ ከነአደባባይዋ የዚህ ትእዛዝ ፍሬ ናት። እንግዲህ ጎብኚው በገበያ የሚዘዋወርበት አደባባይና በተራራው ላይ የሚያየው ባዶ መንደር በአንድ ትእዛዝ የተያያዙ ናቸው፤ የታችኛው ሲቆረቈር የላይኛው ተለቀቀ። እርከን ደግሞ ካቡ ካልተጠገነ፣ ቦዩም ካልተጠረገ አይኖርም። ሰው ሲሄድ ውሃው ቆመ፤ ውሃው ሲቆም ካቡ ተናደ።

ያልፈረሰውን ለማየት የሚፈልግ የገበሬውን ምሳ ይመልከት። ጎብኚው የታሸገ ምግብ ይዞ ሲመጣ፣ በከፍታው ላይ የሚኖሩት የኬችዋ ገበሬዎች በመከር ጊዜ «ዋትያ» የሚባለውን ምግብ እዚያው ማሳቸው ላይ ያበስላሉ። የደረቀ የአፈር ጓል ሰብስበው እንደ ትንሽ ጎጆ ይክቡታል፤ በውስጡም እሳት ያነድዳሉ፤ ጓሉ ሲግል አዲስ የተቆፈረ ድንች ይጨምሩበታል፤ ከዚያም ጎጆውን በድንቹ ላይ ንደው በአፈር ይደፍኑታል። ሲበስል አውጥተው በአንድነት ተቀምጠው ይበላሉ። ከበቆሎ ብቅል የሚጠመቀውን፣ ጠላ የሚመስለውን «ቺቻ» ሲጠጡም አስቀድመው ጥቂት ጠብታ ለምድር እናት ለ«ፓቻማማ» ያፈስሳሉ። መንግሥቱ ቢጠፋ፣ መቅደሱም ቢዘጋ፣ ይህ ሥርዓት ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደርሷል።

ዘሩም ከዚያ ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል። ድንችን በ1858 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ሆነ ይነገራል፤ የድንች የመጀመሪያ አገሩ ግን እነዚሁ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። የኮንሶን እርከን ያየ ሰውም፣ ካብ ያለ ሰው እንደማይቆም ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ይህንኑ በፔሩ የተደረገው ሙከራ አስረድቷል። በ1980ዎቹ ዓመታት በኩሲቻካ አካባቢ፣ ለረጅም ዘመን ደርቆ የነበረ የኢንካ ቦይ በገበሬዎች ጉልበት ተጠግኖ እርከኖችን እንደገና አጠጣ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከፒሳክ በላይ ያሉ ስድስት የገበሬ ማኅበሮች በሊማ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ጋር ተዋውለው፣ ከመሬታቸው ጠፍተው የነበሩ የድንች ዘሮች ተመልሰውላቸዋል። እንግዲህ «ፍርስራሽ» የሚለው ስም ለመቅደሱ ይስማማው ይሆናል፤ እርከኑን ግን ሠራተኛውን የሚጠብቅ እርሻ ማለት ይሻላል።